ፋስ ከዓይን የሚሰውሩት ወኪል

ጋሽ ተገኘ አልጋቸው ላይ ሞቱ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ያለ ምክንያት አይደለም። በእኛ በመተማ ቆላ፣ በዚህ ዘመን፣ አንድ ሰው አርጅቶ፣ ልጆቹ ከብበውት፣ በገዛ አልጋው ላይ ሞተ ሲባል «እሰይ» ማለት ነውር ቢሆንም በሆዳችን እንላለን። መርዶውን የነገረችኝ ሴት ልጃቸው ናት፤ ከሽንፋ ደወለች። እኔ ገንደ ውሃ ላይ የትራክተር መለዋወጫ እሸጣለሁ። ፊልትሮ ሊገዛ የቆመውን ደንበኛ «ዛሬ አልሸጥም» አልኩት። «ምን ሆንክ?» አለኝ። «የማውቀው ትልቅ ሰው ሞተ» አልኩ። «ባለሀብት ነው?» ብሎ ጠየቀ። ምን ብዬ ላስረዳው!

ጋሽ ተገኘ ወኪል ነበሩ። አገራችንን ለማያውቅ፣ ወኪል ማለት ባለ እርሻው ከተማ ተቀምጦ ሳለ በረሃው ላይ በእሱ ፋንታ ሠራተኛ የሚቀጥር፣ የሚያሠራ፣ የሚመግብ፣ የሚያስታርቅና የሚሰደብ ሰው ነው። እኔ ትራክተር ነጂ ሆኜ አንድ የሰሊጥ እርሻ ላይ አብሬያቸው ብዙ አዝመራ አሳልፌያለሁ። ረጅም፣ ደረቅ ያሉ ሰው ነበሩ። የሱዳን ጀለቢያ ለብሰው ከላዩ የወታደር ኮት ይደርቡበታል፤ በዚያ ሙቀት! «አይሞቅዎትም ወይ ጋሼ?» ሲሏቸው «ሙቀቱ እንዳይገባ ነው የለበስሁት» ይላሉ። ቁም ነገሩንም ቀልዱንም በአንድ ፊት ስለሚናገሩት አዲስ ሠራተኛ የቱ ላይ መሳቅ እንዳለበት እስኪለይ ድረስ ይቸገራል።

ከሌላው ወኪል የሚለያቸው አንድ አመል ነበራቸው። እጀታ ያለው ነገር ሜዳ ላይ ተጋድሞ ማየት አይወዱም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ «ኸላስ!» ብለው ይጣራሉ፤ ሥራ በቃ ማለታቸው ነው። በዚያን ጊዜ ሠራተኛው ሁሉ በተሳቢው በኩል እያለፈ ማጭዱን ያስረክባል። ማጭዱ ጆንያ ይገባል፣ ጆንያው ይታሰራል፣ ሸራ ይለብሳል። የእንጨት መፍለጫው ፋስ ሥራው ሲያልቅ ከወጥ ቤቱ ራኩባ፣ ከሣር ዳሱ ጣራ ሥር ይሸጎጣል። የራሳቸው ክላሽ እንኳ ጥግ ላይ በጋቢ ተጠቅልሎ ነው የሚውለው። ሌላ እርሻ ላይ ክላሽ የወኪል ጌጥ ነው፤ እሳቸው ዘንድ ግን እንግዳ ሲመጣ እንደሚደበቅ ጠላ ነበር።

የደጋ ሰው ደግሞ ማጭዱን አሳልፎ መስጠት ሞቱ ነው። ስሎ፣ እጀታውን በእጁ ልክ አስተካክሎ፣ ከቤቱ ይዞት የመጣው ነው። አንድ ጊዜ ከጎጃም የመጣ ጎረምሳ «ኧረ ጋሼ፣ የገዛ ማጭዴን ለምን ብየ ነው የማስረክበው? እኔን ፈሩኝ እንዴ?» ብሎ ተከራከረ።

«አንተንም ማጭድህንም አልፈራሁ» አሉት። «ዓይንህን ነው የፈራሁት።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እሳቸው ግን ጎረምሳውን አጠገባቸው አስቀመጡት። «ስማኝ ልጄ። ዕቃ ስታይ ዓይንህ ዝም ብሎ የሚያይ ይመስልሃል? ዓይን ቀድሞ ጨብጦታል። እጅ ኋላ ነው የምትደርስ። ስኒ ስታይ ጣትህ ለስኒ ይሰናዳል። ፋስ ስታይ መዳፍህ ለፋስ ይከፈታል። ሆድህ ሰላም የዋለ ቀን እንጨት ትፈልጥበታለህ። ሆድህ የነደደ ቀንሳ?»

እኔ ይህን ስሰማ መጀመሪያ የፈሪ ፍልስፍና መስሎኝ ነበር። ከርሜ ሳየው ግን ሥራቸው ሁሉ የቆመው በዚሁ ነገር ላይ ነው። አዲስ አጫጅ ሲመጣ ማጭድ አያስጨብጡትም። ሰሊጥ በወግ ካልያዟት ፍሬዋን እንደምታረግፍ ማንም ያውቃል፤ ሌላው ወኪል ይህን ለማስረዳት ሲጮህ ይውላል። ጋሽ ተገኘ አዲሶቹን ከጎበዝ አጫጅ ፊት ለፊት ጥላ ላይ አስቀምጠው «ተመልከቱ» ብቻ ብለው ይሄዳሉ። ተመልሰው ሲመጡ የሚያዩት የሰዎቹን ፊት ሳይሆን እጃቸውን ነው። ጣቱ ጭኑ ላይ መንቀሳቀስ የጀመረ ሰው ሲያገኙ «ይኸ በስሏል፤ ማጭዱን ስጡት» ይላሉ። እውነትም በስሎ ይገኛል። እኔም አንድ ቀን ትራክተሩ ተበላሽቶብኝ ከአዲሶቹ ጋር ተቀምጬ ስመለከት፣ ግራ እጄ የሌለ ነዶ ሲያቅፍ ይዤዋለሁ።

የማሽላ መውቂያውን ማሽን ሊጠግን ከአብደራፊ የመጣ መካኒክ ደግሞ ሞተሩን አስነስቶ፣ የብሎን መፍቻውን ከሚሽከረከረው ቺንጋ አጠገብ አስቀምጦ ነበር። ጋሽ ተገኘ መጥተው ሞተሩን አጠፉት።

«ይኸን መፍቻ ማን እንዲያነሳው ነው እዚህ ያስቀመጥኸው?»

«ማንም እንዲያነሳው አይደለም፤ ትንሽ ላሳርፈው ብዬ ነው።»

«ቺንጋው የሚበላው ያየውን ሰው ነው። አንሳው።»

መካኒኩ አነሳው። በኋላ ወጥ እየበላን ሳለ ራሱ ሳቀና «እውነታቸውን ነው፤ ሁለቴ ላነሳው እጄ ሲሄድ ራሴን መልሻለሁ» አለኝ። ከዓመታት በኋላ ራዲዮ ላይ አንድ ሐኪም ስለ አእምሮ ሲያወሩ፣ ሰው ዕቃ ባየ ጊዜ አእምሮው ያን ዕቃ ለማንሳት እጁን ያሰናዳል ሲሉ ሰማሁ። ሱቄ ውስጥ ብቻዬን ሳቅሁ። ለጋሽ ተገኘ ደውዬ ነገርኳቸው፤ ሐኪሙን መርቀው «እሳቸውም ወኪል ሠርተው ይሆናል» አሉ።

ጠብ ሲነሣ ግን ነበር ማየት። በአጨዳ ጊዜ ጠብ አይጠፋም፤ ሙቀቱ አለ፣ ወባው አለ፣ ናፍቆቱ አለ። አንድ ቀን አንድ የወሎ ሰውና አንድ የጎጃም ሰው በአጨዳ ፈር ተጣሉ። አንዱ «መስመሬን በላህ» አለ፣ ሌላው አባቱን ሰደበ፣ ተያያዙ። ጋሽ ተገኘ ሮጠው አልመጡም፤ ሮጠው አያውቁም። ሁለት ኩባያ ውሃ እስከ አፍ ገደፉ ሞልተው ይዘው መጡና ለሁለቱም አስጨበጧቸው። «አንተ ይቺን ለወጥ ቤቷ አድርስልኝ። አንተ ደግሞ ያችን ለትራክተር ነጂው። ጠብ እንዳትል!» የሁለቱ ደም የለበሱ ዓይኖች ወዲያው ኩባያ ላይ ወደቁ። የወሎው ሰው ወደኔ ሲመጣ እግሩን እየመረጠ፣ ከንፈሩን ነክሶ፣ ትንፋሹን ውጦ ነው። ሲደርስ ቁጣው መንገድ ላይ ቀርቷል። «ምን ያለ ሰውየ ነው፣ ሰው ሊጣላ ሲል ውሃ የሚያሸክም!» ብሎኝ ሳቀ። እውነት ነው፤ ሙሉ ኩባያ የያዘ ሰው ሊማታ አይችልም። ዓይኑም እጁም ሥራ ይዘዋል።

ይህ ሁሉ ከየት እንደመጣ ያወቅሁት በመጨረሻው አብረን በሠራንበት አዝመራ ነው።

በዚያ ዓመት መንገዱ ስላልታመነ ሠራተኛ ጠፍቶ ነበር። ሰሊጡ ደርሶ ሊረግፍ ሲል በመከራ አንድ አይሱዙ ሙሉ ሰው ተገኘ። ጋሽ ተገኘ እንደ ልማዳቸው ከመኪናው አፍ ላይ ቆመው የእያንዳንዱን ስም ከነአባቱ፣ አገሩን ከነቀበሌው ይጠይቃሉ። ከመጨረሻዎቹ አንዱ ጠና ያለ፣ ፀጉሩ የሸበተ፣ ትከሻው የጎበጠ ሰው ነበር። ልመንህ እባላለሁ አለ። የአባቱን ስም ተናገረ፣ አገሩን ተናገረ። ጋሽ ተገኘ «ግባ» አሉት፤ ድምፃቸው ግን የእሳቸው አልነበረም።

ወዲያው ወደ ትራክተሩ መጡ። ከጋቢው ያወጡትን ክላሽና የክንዳቸውን ጩቤ እግሬ ሥር አስቀመጡ።

«አበጀ፣ እነዚህን ያዝልኝ። አዝመራው እስኪያልቅ ብጠይቅህም አትስጠኝ።»

«ምን ሆኑ ጋሼ?»

«ያ ሽበታሙ ሰውየ ወንድሜን የገደለ ነው።»

ደነገጥሁ። ወንድም እንደነበራቸው እንኳ አላውቅም ነበር። ትራክተሩን ተደግፈው ቁጭ አሉና ነገሩኝ። ወንድማቸው አስማረ ይባል ነበር፤ ደጋ ላይ አራሽ ነው። ጋሽ ተገኘ በጎረምሳነታቸው ወደ ቆላ ወርደው ሳሉ አስማረና ልመንህ በድንበር ተጣሉ። ያን ቀን አስማረ ደጁ ላይ እንጨት ሲፈልጥ ነበር። ፋሱን ግንዱ ላይ ጣለው፣ ቆመው ተሰዳደቡ፣ ጎረቤት መሃል ገባ።

«ልመንህ ዙሮ ሊሄድ ነበረ አሉ» አሉኝ ጋሽ ተገኘ። «ያዩት ሁሉ የተናገሩት አንድ ቃል ነው። ስድቡ አልቆ ነበር። ዙሮ ሊሄድ ሲል ዓይኑ ፋሱ ላይ አረፈ። እጀታው በእሱ በኩል ነበር። ፋሱ ጓዳ ቢሆን ኑሮ ወንድሜ ዛሬ እንደኔ ሽማግሌ ነበር።»

እሳቸው ደጋ ሲደርሱ አስማረ ተቀብሯል፣ ልመንህም እጁን ሰጥቶ ታስሯል። ፊቱን አይተው አያውቁም ነበር። ዘመዶቻቸው ግን አልተዋቸውም። አገራቸው በገቡ ቁጥር ድግስ ላይ ጠላ የሚቀዳው ሰው «ይኸ ለወንድ ነው» እያለ ያልፋቸዋል። የወንድሙን ደም ያልመለሰ ሰው ወንድ አይባልም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ይባል የለ፤ እሳቸው ደግሞ ልርሳ ቢሉም የሚያስታውስ ሞልቷል። ስለዚህ ወደ ደጋ መውጣት ተዉ።

«ታዲያ ያባርሩት» አልኩ።

«ባባርረው ዓይኔ ተከትሎት ይሄዳል። ጫካ ላይ ብቻውን ያገኘሁት ቀንስ?»

«እንግዲያው እርስዎ ከተማ ይግቡ፤ እስኪጨርስ።»

«ወኪል በአጨዳ መሃል ጥሎ ሲሄድ አይተህ ታውቃለህ? ሰሊጡ ይረግፋል። አልገድልም ብያለሁ። ስንት ዘመን ነው ያልሁት። ግን ይኸን ያልሁት ሳላየው ነው።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ እጃቸው ባዶ ሆኖ አያውቅም። በሁለት እጃቸው ሁለት ጀሪካን ውሃ ተሸክመው ከአጫጆቹ ኋላ ኋላ ይሄዳሉ። ወኪል ውሃ ሲያመላልስ! ሠራተኛው «እንዲህ ያለ ደግ ሰው አላየንም» እያለ ይመርቃቸዋል። ልመንህ ዘንድ ሲደርሱ ጀሪካኑን ሳይለቁ ይቆማሉ፤ ሌላ ሰው ይቀዳለታል፤ እሳቸው ወደ ሌላ ያያሉ። እኔ ከትራክተሩ ላይ ሆኜ ዓይኔን ከእሳቸው አልነቅልም። እውነቱን ልናገር፣ በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። ሰውየው እንዳይሞት ብቻ አይደለም የፈራሁት፤ የማከብራቸው ሰው ከእጄ እንዳይጠፉ ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የፈራሁት ሊደርስ ምንም አልቀረውም። ልመንህ ማጭዱን መሬት ላይ ጥሎ ነዶ ለማሰር አጎንብሷል፤ ማጅራቱ ተገልጧል። ጋሽ ተገኘ ከኋላው ደረሱ። ቆሙ። ሌላው አጫጅ ሁሉ ርቋል። ማጭዱ በእሳቸው እግርና በሰውየው መካከል ነው። ከትራክተሩ ዘልዬ ወረድኩ፤ ግን ሩቅ ነኝ፣ ብጮህ ደግሞ ምን ብዬ ልጩህ? ቀኝ እጃቸው ከጀሪካኑ እጀታ ላይ ሲላላ አየሁ። ከዚያ ጫማቸውን ማጭዱ ላይ አሳረፉና ገፍተው ከታጨደው ሰሊጥ ሥር ቀበሩት። ጀሪካኑን ጠበቅ አድርገው ያዙና ወደኔ መጡ። ኮታቸው በላብ ርሷል።

«አየኸኝ?» አሉ።

«አየሁዎት።»

«ጨብጫት ነበርኮ አበጀ። እጄ ሳትነሣ፣ ጨብጫት ነበር።»

ላያስችል አይሰጥም ይላሉ፤ ያን ቀን ግን የሚያስችለው ሊያልቅ ሲል በዓይኔ አይቻለሁ።

አዝመራው ግን አለቀ። ሰሊጡ ታጭዶ፣ ነዶው ቆሞ ደርቆ፣ ተራግፎ ጆንያ ገባ። ሠራተኛው ጓዙን ጠቀለለ፤ የሚወስደው አይሱዙም መጣ። በዚያን ጊዜ ሠራተኛ ሳይሰናበት አይሄድም፤ አንድ በአንድ ወኪሉን ጨብጦ፣ ተመራርቆ ነው የሚሳፈረው። ጋሽ ተገኘ በዚያ ዓመት ጀሪካናቸውን እንደያዙ የውሃው በርሜል አጠገብ ቆሙ። የሚሰናበታቸው ሁሉ ትከሻቸውን እየነካ ሄደ።

ልመንህ ከኋላ ቀርቶ ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ምሽት አንድ የአገሩ ሰው «ወኪሉ የአስማረ ወንድም ናቸው» ብሎ ነግሮታል። ጓደኞቹ በጫካው በኩል አስፋልት ድረስ ሄደህ ጠብቀን፣ እዚያ እናነሳሃለን ብለውት ነበር። ይህን ሁሉ የሰማሁት በኋላ ነው። እኔ ያየሁት ጓዙን መሬት ላይ አስቀምጦ፣ የራሱን ጥምጣም ፈትቶ፣ ሜዳውን አቋርጦ ሲመጣ ነው። ክላሹ ትከሻዬ ላይ ነበር፤ ወደ ጀርባዬ አዞርኩት።

ፊታቸው ሲደርስ ልመንህ አንገቱን ደፍቶ፣ የቀኝ ክንዱን በግራ እጁ ደግፎ፣ መዳፉን ዘረጋላቸው።

ጀሪካኑ ወደቀ። ክዳኑ ተከፍቶ ውሃው በዋልካው አፈር ላይ ፈሰሰ። ጋሽ ተገኘ የልመንህን እጅ ጨብጠዋል። እንዲህ የደነገጠ ፊት አይቼ አላውቅም፤ የራሳቸውን እጅ የሌላ ሰው እንደሆነ አድርገው ነበር የሚያዩት።

«ወንድሜ አስማረ ይባል ነበር» አሉ።

«አውቃለሁ ጌታየ። ስሙ ከአፌ ተለይቶ አያውቅም።»

«እንጨት እየፈለጠ ነበር።»

«አውቃለሁ» አለ ልመንህ፣ አለቀሰም። ሾፌሩ ጥሩምባ ነፋ። ጋሽ ተገኘ እጁን አልለቀቁም። ሾፌሩ ሁለተኛ ሲነፋ «ሂድ፣ መኪናው እንዳያመልጥህ» አሉትና ለቀቁት።

አይሱዙው አቧራውን አስነስቶ ሄደ። እኔ ክላሹን አወረድኩና «ይኸው እንግዲህ፣ አዝመራው አልቋል» አልኳቸው። አልተቀበሉኝም። መዳፋቸውን ገልብጠው እያዩ ቆመዋል።

«ይቅር አሉት ማለት ነው?» ብዬ ጠየቅሁ።

«እኔማ ገና ነኝ» አሉ። «እጄ ናት የታረቀች። ተዘርግቶ ባየችው ጊዜ ሳትጠይቀኝ ሄደች። ልቤ እንግዲህ ተከትላ ትደርስ እንደሁ እናያለን።»

በወጉ ለዕርቅ ሽማግሌ የሚልከው የገዳይ ወገን ነው። ጋሽ ተገኘ ግን አልጠበቁም። ለፋሲካ ሽማግሌ ይዘው ራሳቸው ወደ ደጋ ወጡ።